ለጉልበት ሎሚ ህመም ምን ይገዛል? ማሰሪያ፣ ፕላስተር፣ ሶል ወይስ ላስቲክ

«ደረጃ ስወርድ ሎሚዬን ያመኛል፤ የትኛው ማሰሪያ ይሻላል?» ጓደኛም ዘመድም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ፦ የትኛውም አይሻልም። በማሰሪያው ብር ሁለት ሜትር የስፖርት ላስቲክ ግዙ፤ የሚተርፈውን እንቅስቃሴውን ቆሞ ለሚያሳያችሁ ፊዚዮቴራፒስት ለአንድ ቀን ክፈሉ።

በመጀመሪያ ህመሙ ያው መሆኑን ለዩ። የሎሚ ህመም ያለበት ሰው «የት ነው?» ሲሉት በአንድ ጣት አይጠቁምም፤ መዳፉን ሎሚው ላይ አድርጎ ዙሪያውን ያሻል። ደረጃ መውረድና ቁጢጥ ማለት ያብሱበታል፤ ቡና እስኪፈላ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጉልበት አጥፎ መቆየትም እንደዚያው። ጉልበቱ ካበጠ፣ እንደታጠፈ ከተቆለፈ፣ ስትራመዱ ከከዳችሁ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ወይም ህመሙ የጀመረው በመውደቅ ከሆነ ግን ከሱቅ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። የሚያነክስ ልጅ ከሆነ ዳሌውም ይታይ፤ የዳሌ ችግር ልጆች ላይ የጉልበት ህመም መስሎ ይመጣል።

ማሰሪያ የሚሸጠው «ልም አጥንትህ ተበልቷል» በሚል ፍርሃት ነው። ስኮት ዳይ የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ሳይገባ የራሱን ጉልበቶች በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ አስከፍቶ የውስጥ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አስነክቶ ነበር፤ ውጤቱ የታተመው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የሎሚው ልም አጥንት ሲነካ አላመመውም። ያስጮኸው ከሎሚው በታች ያለው የስብ ትራስና የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ኤም አር አይ ላይ «ልም አጥንቱ ለስልሷል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ህመሙን አያስረዳም። ክሪስቶፈር ፓወርስና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ሎሚያቸው ወደ ውጭ የሚሸሽባቸውን ሴቶች ቆመው የታጠፈ ጉልበታቸውን ሲዘረጉ በኤም አር አይ አዩ። በብዛት የሚዞረው ሎሚው ሳይሆን ከሥሩ ያለው የጭን አጥንት ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። የጭን አጥንትን ከመጠምዘዝ የሚይዙት የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው። ሎሚ ላይ የተጠለቀ ቀዳዳ ጨርቅ እዚያ አይደርስም።

ሌላው መንስኤ በድንገት የጨመረ ሸክም ነው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መግባት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግዱ ቆይቶ በሰሙነ ሕማማት መስገድ፣ ከዜሮ ተነስቶ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር መሮጥ። ይህን ሳያስተካክሉ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ከንቱ ነው።

የዕቃ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ያሉት የብር ቁጥሮች ለስሌት ብቻ ናቸው። ሱቅ የሚጠሩላችሁን ዋጋ በቦታቸው አስገቡ።

ማሰሪያ። በብዛት የሚሸጠው ይኸው ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ደካማ ነው። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ለዚህ ህመም ማሰሪያም ሆነ ከሎሚው በታች የሚታሰር ቀበቶ አትዘዙ ይላል። ዕድሜ ሲገፋና ከሎሚው ኋላ የመገጣጠሚያ ማርጀት ሲኖር ነገሩ ይለያል። በ2015 እ.ኤ.አ. የማንቸስተር ተመራማሪዎች ከ40 እስከ 70 ዓመት ያሉ 126 ሰዎችን አጥንተው፣ ማሰሪያ ለ6 ሳምንት ያደረጉት ህመማቸው ቀንሶ አግኝተዋል። ስለዚህ ለእናት ወይም ለአባት ከሆነ የምትገዙት ግዙ፤ ለ25 ዓመት ወጣት አትግዙ።

ከገዛችሁም አስመስሎ የተሠራውን ለዩ። ደህናው ኒዮፕሪን (ማሰሪያው የሚሠራበት ጎማ) ውሃ አይመጥም፤ የተቆረጠ ጠርዙ ላይ ጠብታ ውሃ ብታደርጉ እዚያው ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ስፖንጅ በጨርቅ ተለብዶ ከሆነ ጠብታው ይሰርጋል፤ ላብም እንደዚያው ይሰርግና ሽታና ሽፍታ ያመጣል። ሎሚው ላይ ያለው ቀዳዳ ሎሚውን ሳይነካ ዙሪያውን መክበብ አለበት፤ ጠርዙ ሎሚው ላይ ካረፈ የሚያመውን ቦታ ራሱ እየተጫነ ነው። ሜትር ሳትይዙ «ኤል ይሆንሃል» በሚል ግምት አትግዙ፤ አንዱ አምራች መሐል ሎሚውን ሌላው ጭኑን ያስለካል፣ የት እንደሆነ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ማግኔት ወይም መዳብ ተብሎ የሚጨመርበት ዋጋ ለማግኔቱ ብቻ የተከፈለ ነው።

ፕላስተር። አውስትራሊያዊቷ ፊዚዮቴራፒስት ጄኒ ማኮኔል በ1986 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። ከእንቅስቃሴ ጋር እስከ 4 ሳምንት ያህል ያስታግሣል፤ ብቻውን አይፈውስም። ሁለት ዓይነት ነው፤ የማይለጠጠው ቡናማ የስፖርት ፕላስተርና ባለ ቀለሙ ተለጣጩ ኪኔሲዮ። እኔ የማይለጠጠውን እመርጣለሁ፣ ዋጋውም ያዋጣል። 3.8 ሴንቲ ሜትር ወርድና 13.7 ሜትር ርዝመት ያለው ጥቅል 700 ብር ቢሆን፣ በቀን ሁለት የ20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ስለሚፈጅ 34 ቀን ይበቃል፤ በቀን 21 ብር ገደማ። ባለ 5 ሜትሩ ኪኔሲዮ 500 ብር ቢሆን፣ በአንዴ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ 7 ጊዜ ይለጠፋል። 3 ቀን ከቆየ በቀን 24 ብር ነው። አስመስሎ የተሠራው በላብ በማግስቱ ሲላቀቅ ግን በቀን 71 ብር ይሆንባችኋል፤ «ርካሹ» ይኸ ነው። ደህናው ኪኔሲዮ ከወረቀቱ ሲላጥ ትንሽ ይሰበሰባል፤ የሚለጠጠውም በርዝመቱ እንጂ በወርዱ አይደለም።

አለጣጠፉ፦ ፀጉሩን ከአንድ ቀን በፊት ላጩ፤ ቆዳው ደርቆ ቅባት የሌለው ይሁን። እግሩን ዘርግታችሁ ጭኑን ልቀቁት። ከሥር ቆዳ የማያስቆጣ ለስላሳ ነጭ ፕላስተር አንጥፉ። ቡናማውን ከሎሚው ውጫዊ ጠርዝ ጀምሩ፤ በአውራ ጣት ሎሚውን ወደ ሌላኛው ጉልበት አቅጣጫ እየገፋችሁ ጎትቱትና ከውስጠኛው የአጥንት ጉብታ አልፎ ለጥፉት። በውስጥ በኩል ቆዳው ከተሸበሸበ በትክክል ተጎትቷል። ከሎሚው በታች ያለውን ለስላሳ ቦታ አትጫኑት፤ የስብ ትራሱ እዚያ ነው። ወዲያው ተነሥታችሁ የሚያማችሁን ደረጃ ውረዱ። ህመሙ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ አላቃችሁ እንደገና ሞክሩ፤ በሁለተኛውም ካልቀነሰ ለእናንተ አይሆንም፣ ሁለተኛ ጥቅል አትግዙ። ቆዳው ካሳከከ በዚያው ሰዓት ይውለቅ።

ሶል። ጫማ ውስጥ የሚነጠፈው ነው። እግሩ ሲቆም ቅስቱ ወደ ውስጥ ለሚደፋ ሰው ብቻ፣ ያውም ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪዝበን ጥናት 179 ሰዎችን አወዳድሯል። በ6 ሳምንት ቅስት ያለው ሶል ከጠፍጣፋው በልጧል፤ ከፊዚዮቴራፒ ግን አልበለጠም። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ከፊዚዮቴራፒ ብቻ የተሻለ ነገር አላመጣም። ፊዚዮቴራፒ የጀመረ ሰው ሶል ሲጨምር ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው። ካስፈለገም የተዘጋጀውን ግዙ፤ በልክ ለሚሠራው ብዙ እጥፍ አትክፈሉ። ቅስቱን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ወለል ድረስ ከተኛ በሳምንት ውስጥ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ላስቲክ። ብራችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ገበያ ላይ ያለው ቀለም ግን ያታልላል። ቴራባንድ የተባለው የላስቲክ ምርት ቀለሞች ትርጉም አላቸው፤ ላስቲኩ በእጥፍ ሲለጠጥ ቢጫው 1.3፣ ቀዩ 1.7፣ አረንጓዴው 2.1፣ ሰማያዊው 2.6፣ ጥቁሩ 3.3 ኪሎ ያህል ይስባል። አስመስሎ የተሠራው ቀለሙን እንጂ ጉልበቱን አይከተልም። መፈተኛው ቀላል ነው። ላስቲኩ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር የሚራራቁ ሁለት መስመሮች በእስክሪብቶ አድርጉ፤ ላዩን ከፍ ብሎ ካለ ማንጠልጠያ ላይ እሰሩና ከታች ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ አንጠልጥሉ። ደህና አረንጓዴ ከሆነ በመስመሮቹ መሐል ያለው ርቀት 1 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ አልፎ ከተዘረጋ ስሙ አረንጓዴ፣ ጉልበቱ ቢጫ ነው። ቀለበት ሆኖ የሚመጣው ቀጭን ላስቲክ ጭን ላይ ይጠቀለላል፤ የጨርቁ አይጠቀለልም፣ ስፌቱ ግን ይፈታል። በሜትር የሚቆረጠው ከሁለቱም ይሻላል፤ ሲያረጅም የተጎዳው ጫፍ ተቆርጦ ይቀጥላል። ፀሐይ ላይ አታስጡት። በየሳምንቱ ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ እዩት፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ካለች እየሠራችሁ ይበጠስና ፊት ይገርፋል።

አሠራሩ በሳምንት 3 ቀን ነው፣ ከ10 እስከ 12 ጊዜ በ3 ዙር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለዳሌ ስጡ፤ የዳሌው እንቅስቃሴ ሎሚውን አይጫነውም። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ ላስቲክ ከጉልበት በላይ አስሮ ጉልበትን መክፈት፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ ቆሞ በጎን መራመድ። እግር ሲነሣ ወደ ፊት ከሄደ የምትሠሩት የጭን ፊት ጡንቻ ነው፤ ተረከዙ በትንሹ ወደ ኋላ ይሁን። ከዚያ ግማሽ ቁጢጥ፣ ጉልበት እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ፤ ቀጥሎ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መውጣትና መውረድ፣ በኋላ 20። መስታወት ፊት ሥሩ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከሰበረ ከፍታውን ቀንሱ። ህመም ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 3 ድረስ ይፈቀዳል፣ በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ። ካልተመለሰ ዙሩን ከ3 ወደ 2 አውርዱ እንጂ አታቋርጡ።

እስከ 12 ሳምንት ጠብቁ። ተአምርም አትጠብቁ፤ 131 ሰዎች የተካፈሉበት የ2009 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ጥናት እንቅስቃሴ የሠሩት ከዓመት በኋላም ህመማቸው ያነሰ መሆኑን ቢያሳይም፣ «ድኛለሁ» ያሉት ቁጥር ግን ካልሠሩት ብዙም አልራቀም።

ፊዚዮቴራፒ ስትከፍሉ ምን እንደምትገዙ ጠይቁ። ተኝታችሁ ሙቀትና አልትራሳውንድ ብቻ የሚደረግበት የ10 ቀን ጥቅል ያው የ2019ኙ መመሪያ የማይመክረው ነው፤ ደረቅ መርፌም (መድኃኒት ሳይኖረው ጡንቻ ላይ የሚወጋው) እንደዚያው። አንድ ቀን ለምርመራና ለማስተማር፣ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቀን ለማረም ቢከፈል ይበቃል። ወጌሻ ማሸቱ ጭኑን ቢያፍታታም ሎሚውን ራሱን እየተጫነ ካሸ ማስቆም ነው።

ቀዶ ሕክምናው የዋጋ ጥያቄን ራሱ መልሶታል። ፊንላንድ ውስጥ 56 ሕሙማን ተከፍለው ግማሾቹ በካሜራ ቀዶ ሕክምናና እንቅስቃሴ፣ ግማሾቹ በእንቅስቃሴ ብቻ ታከሙ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ልዩነት አላሳየም። ቀዶው በአንድ ሰው በአማካይ 901 ዩሮ ጨምሯል።

ለሚሮጥ ሰው ከላስቲኩም የሚረክስ አለ። በኩቤክ 69 ሯጮች ላይ የተሠራው የ2018 እ.ኤ.አ. ጥናት ሩጫን በህመም ልክ መቀነስና መጨመርን ብቻ የተማሩት፣ እንቅስቃሴ ወይም የአረማመድ ልምምድ ከተጨመረላቸው ጋር እኩል እንደተሻላቸው አሳይቷል። ርቀቱን አሳጥሩ፣ ቁልቁለቱን ለጊዜው ተዉ። በተጨማሪ እርምጃችሁን በደቂቃ ቁጠሩና ፍጥነታችሁን ሳትለውጡ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ፤ 160 ከነበረ ከ168 እስከ 176 ይሆናል። እርምጃ ሲያጥር እግር ከሰውነት ርቆ አያርፍም፤ 10 በመቶ ጭማሪ ሎሚው ላይ የሚያርፈውን ከፍተኛ ጫና ወደ 14 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ስልክ ላይ የሚጫን ሜትሮኖም፣ ማለትም በእኩል ልዩነት ምት የሚያሰማ መተግበሪያ ነው፤ በነጻ ይወርዳል።