ረጅም ዳዶ፣ ብየዳ ወይስ ወጥ ዘንግ?

ኬብል ትሬይ፣ የአየር ቱቦ ወይም ኮርኒስ ከሶሌታው የሚንጠለጠለው ብዙ ጊዜ በባለጥርስ ዘንግ ነው። በብዛት የሚሸጠው ዘንግ 1 ሜትር ነው። የሚፈለገው ርዝመት 1 ሜትር ከ60 ሲሆን ምን ይደረግ? ወይ ይበየዳል፣ ወይ በረጅም ዳዶ ይቀጠላል፣ ወይ የ2 ወይም የ3 ሜትር ዘንግ ይፈለጋል።

ወጥ ዘንግ ካገኛችሁ እሱን ግዙ። መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም። ችግሩ ማጓጓዙ ነው። መንገድ ላይ ከታጠፈ ወይም ጥርሱ ከተጋጨ ዳዶ አልቀበል ይላል።

ብየዳ ርካሽ ይመስላል። ሰው ከስሩ ለሚያልፍበት ነገር ግን በፍጹም አልመክረውም። ዘንጉ ከዝገት እንዲጠበቅ የተቀባው ዚንክ ስለሚቃጠል ዝገት የሚጀምረው እዚያው ነው። የዘንጉ የጥንካሬ ደረጃ 8.8 ከሆነ ደግሞ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ተሠርቶ ስለሆነ፣ የብየዳው እሳት መልሶ ያለሰልሰዋል። ብየዳው ውስጥ ድረስ መያዙንም በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ረጅሙ ዳዶ። ተራው የ10 ሚሊ ዳዶ ቁመቱ 8 ሚሊ አካባቢ ነው። በጀርመኑ ዲን 6334 ልክ የተሠራው ረጅም ዳዶ ግን 30 ሚሊ ነው፤ የዘንጉን ውፍረት ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱ ዘንጎች 15፣ 15 ሚሊ ይካፈሉታል። በተራ ዳዶ ብትቀጥሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ሚሊ ነው። ይህ ሦስት ጥርስ እንኳ አይሞላም፤ አታድርጉት።

ረጅሙም ቢሆን አገጣጠሙ ካላማረ ዋጋ የለውም። አንዱ ዘንግ 25 ሚሊ ገብቶ ለሌላው 5 ብቻ ሊቀርለት ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ልክ ነው። ስለዚህ መሀሉ ላይ ማያ ቀዳዳ ያለው ካለ ጥቂት ጨምራችሁም ቢሆን ያንን ውሰዱ። ከሌለ በሁለቱም ዘንጎች ላይ 15 ሚሊ ለክታችሁ በማርከር አስምሩ። ከገጠማችሁ በኋላ ከላይም ከታችም ተራ ዳዶ አስጠግታችሁ አጥብቁ፤ ንዝረት እንዳይፈታው ይቆልፈዋል።

የሚሊና የኢንች ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። የ3/8 ኢንች ዘንግ 9.5 ሚሊ ስለሆነ ከ10 ሚሊው ጋር በዓይን አይለይም። የጥርሱ ርቀት ግን 1.59 ሚሊ ነው፤ የ10 ሚሊው 1.5። መጀመሪያ የሚገባ ይመስላል፣ ግን በደንብ አይነክስም። በቁልፍ ታግላችሁ አታስገቡት።

4.8 ወይስ 8.8? 8.8 መበጠስን የመቋቋም አቅሙ የ4.8 እጥፍ ነው። ለቀላል ኮርኒስ ግን 4.8 ይበቃል። እንዲህ ባለ ሥራ ቀድሞ የሚለቀው ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ውስጥ ያለው መያዣ እንጂ ዘንጉ አይደለም። የተረፈውን ብር ለጥሩ መያዣ አውሉት።

ደረቅ ክፍል ውስጥ በስሱ ዚንክ የተቀባው ይሆናል። ዝናብ ለሚያገኘው በቀለጠ ዚንክ የተነከረውን፣ ለባሕር ዳርቻ ደግሞ ኤ4 ስቴይንለስ ምረጡ። የተነከረው ዘንግ ጥርሱ ስለሚወፍር ተራ ዳዶ አይገባበትም፤ ዳዶውን ለእሱ ተብሎ ከሰፋው ግዙ። ስቴይንለስ በስቴይንለስ ላይ ሲጠብቅ ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል ጥርሱን ቅባት ቀቡት፣ ቀስ ብላችሁም አጥብቁ።

ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ዳዶውን በዘንጉ ላይ በጣታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ካንገራገረ ወይም ከተወላገደ ሌላ ጠይቁ።