ኮምፒውተርን ከቲቪ ለማገናኘት፦ ኤችዲኤምአይ፣ ቪጂኤ ወይስ ኮንቨርተር?

ኮምፒውተራችሁን ከቲቪ አገናኝታችሁ ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ዳርዳሩ ከተቆረጠ፣ ቲቪ ለመቀየር አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ያለው ገመዱ ወይም ሴቲንጉ ላይ ነው።

ኮምፒውተሩ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ካለው ሌላ አትፈልጉ። ምስሉንም ድምፁንም በአንድ ገመድ ያደርሳል። ቲቪው የራሱን ሪዞሉሽን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) ለኮምፒውተሩ ስለሚነግረው ብዙ መነካካት አያስፈልግም። አንድ ጉድለት አለው፦ አንዳንድ ቲቪ ምስሉን አጉልቶ ዳሩን ይቆርጠዋል። የእኛ ቤት ቲቪ የዊንዶውስን የታችኛውን መስመር ውጦት ሰዓቱ እንኳ አይታይም ነበር። መፍትሔው ያለው ሪሞቱ ላይ ነው። የምስል መጠን ውስጥ ገብታችሁ ኤልጂ ከሆነ "ጀስት ስካን"፣ ሳምሰንግ ከሆነ "ስክሪን ፊት" የሚለውን ምረጡ።

ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ፣ ባለ 15 ፒን አሮጌ መስመር ነው። ድምፅ አያስተላልፍም፤ ለብቻው የድምፅ ገመድ ያስፈልጋል። አዳዲስ ቲቪዎች ላይ ደግሞ መሰኪያው እየጠፋ ነው። ኮምፒውተሩም ቲቪውም ላይ ካለ ግን ለጊዜው ይሠራል።

ቪጂኤ ብቻ ላለው አሮጌ ዴስክቶፕ ኮንቨርተር (አንዱን መስመር ወደ ሌላው የሚቀይር ዕቃ) ይገዛል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ ሀዋሳ ፒያሳ ገዝቼ ቤት ስሰካው ቲቪው "ሲግናል የለም" አለኝ። ለካ የያዝኩት ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚወስደውን ነው! መልኩ ይመሳሰላል እንጂ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ነው። የዩኤስቢ ኃይልና የድምፅ ገመድ ያለውን ምረጡ።

ቲቪውንም ገና የምትገዙ ከሆነ ይህን ልብ በሉ። ሳጥናቸው ላይ "ኤችዲ" ብቻ የተጻፈባቸው ብዙ ባለ 32 ኢንች ቲቪዎች ትክክለኛ ሪዞሉሽናቸው 1366 በ768 ነው። 1920 በ1080 ሲላክላቸው ይቀበላሉ፤ የሚያሳዩት ግን ወደ ራሳቸው ልክ አሳንሰው ነው። ፊልም ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ጽሑፍ ላይ ግን ያናድዳል። ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ገመድ አያስተካክለውም። ልጆች የሚያጠኑበት ወይም እናንተ የምትጽፉበት ከሆነ ባለ 1920 በ1080ውን፣ ፉል ኤችዲውን ግዙ።

ላፕቶፕ ካላችሁ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱና አስሰኩት። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ክፈቱ። ከዚያ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ "ሰ"ን ከ"ሸ" መለየት መቻላችሁን እዩ።