ባነርሎርድ ከወራት በኋላ፦ ከተራ ሽፍታ አሳዳጅ እስከ ባለ ጉልት

ማውንት ኤንድ ብሌድ ሁለት የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም፣ በአጭሩ ባነርሎርድን፣ የጀመርኩት ክረምት ላይ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ዝናቡ ከያዘ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ክረምቱ አልፎ ቡና ተለቅሞም ጌሙ ላፕቶፔ ላይ አለ። እንዲህ የቆየልኝ ሌላ ጌም የለም።

የሠራው ቴልወርልድስ የሚባል የአንካራ ድርጅት ነው። ሙሉው እትም የወጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ ካልራዲያ በምትባል ልብ ወለድ ምድር በ1084 ይጀምራል። ታላቁ ኢምፓየር ለሦስት ተከፍሎ እርስ በርሱ ይዋጋል፤ ዙሪያውን ደግሞ ሌሎች መንግሥታት አሰፍስፈዋል።

የጌሙ ነፍስ ሹመት ነው። ስትጀምሩ ስማችሁን የሚያውቅ የለም። ከየመንደሩ ወጣት ትመለምላላችሁ፣ ሽፍታ ታሳድዳላችሁ፣ ከተማ ውስጥ በሚደረግ የፍልሚያ ውድድር ትገባላችሁ። ዝናችሁ ሲጠራቀም የቤተሰባችሁ (የክላናችሁ) ደረጃ ከዜሮ እስከ ስድስት ከፍ ይላል። 50 ዝና ሲሞላ ለንጉሥ በቅጥር መዋጋት ይቻላል። 150 ሲደርስ መሐላ ገብቶ ከመኳንንቱ መደባለቅ አለ። የራስን መንግሥት ለማቆም አራተኛ ደረጃ ይጠይቃል። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ነገሩ ወዲያው ነው የሚገባን።

እኔ በጣም የወደድኩት የቅጥረኝነቱን ዘመን ነው። አንድ ጊዜ ከካልራዲያ መንግሥታት አንዱ የሆነው የኩዛይት ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ደረሱብን። እየጋለቡ በቀስት ይለቅማሉ፤ ብታባርሯቸው አትደርሱባቸውም። ጋሻ ያላቸውን ኮረብታ ላይ አቆምኩ፣ ቀስተኞቹን ከኋላቸው አሰለፍኩና ከዚያ ንቅንቅ አላልንም። ብዙ ሰው አለቀብኝ። ከተረፉት ውስጥ ግን ቭላንዲያ ከሚባለው ሌላ መንግሥት መንደሮች በጨርቅ ልብስ የወሰድኳቸው ልጆች ነበሩ። ልምዳቸው ሞልቶ ማዕረግ ስሰጣቸው፣ ጥሩር ለብሰው ሳያቸው፣ እውነት ለመናገር ደስታዬ የራሴ ደረጃ ሲያድግ ከተሰማኝ ይበልጥ ነበር።

ባላባት ከሆናችሁ በኋላ ጨዋታው ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል። አንድ ምሽግ ከብቤ፣ መሰላል ላይ ሰዎቼን አስፈጅቼ አስያዝኩ። ጉልቱ የማን ይሁን ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ለሌላ መኮንን ሄደ! ተናደድኩ፤ ግን ትክክል ነው። ተሰሚነት ሳይኖር ጀግንነት ብቻውን ጉልት አያሰጥም። ይሄን ጌሙ በደንብ ያውቀዋል።

የማያውቀው ሌላ ነገር ነው። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እያየ ላደገ ሰው ጉድለቱ ቶሎ ይታየዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ ቆይተዋል። ካልራዲያ ውስጥ ግብር እየከፈሉ ሰላም ማግኘት አለ። ገብሮ አገርን ይዞ መቆየት ግን የለም። ስለዚህ ንጉሥ ከሆናችሁ በኋላ ሕይወት ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው መሮጥ ብቻ ይሆናል። ላይኛው ጫፍ ሳስቶብኛል።

ገንዘብ ካጠራችሁ አንጥረኝነት ያዋጣል። እንጨት አክስሎ፣ ብረት አቅልጦ በሁለት እጅ የሚያዝ ሰይፍ መሥራት ያሰለቻል፤ ዋጋው ግን የሚገርም ነው።

ስለ ኮምፒውተር፦ 60 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ማውረዱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከወረደ በኋላ ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በየተወሰነ ደቂቃ ራሱ ሴቭ ስለሚያደርግ መብራት ቢጠፋም ብዙ አይበላሽባችሁም። የኔ መካከለኛ ላፕቶፕ ነው፤ የውጊያውን ሰው ብዛት ወደ 300 ዝቅ ሳደርገው መንተፋተፉን ተወ፣ ግለቱም ቀነሰ። ከበባ ላይ ብቻ አሁንም ይከብደዋል።

በቅናሽ ካገኛችሁት ግዙ። ስትጀምሩ ደግሞ ለመሐላ አትቸኩሉ፤ ሁለት ሦስት ነገሥታትን በቅጥር አገልግሉ፣ ማን ሁልጊዜ እንደሚሸነፍ እዩ፣ ከዚያ ምረጡ።