ለእናቴ በርጩማ ይዞ ለመጣው አስጎብኚ

ይህን የምጽፈው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከአዲስ አበባ ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ሻንጣው እንኳ ገና ተፈትቶ አላለቀም። ግን አንድ ሰው ሳላመሰግን ዝም ካልኩ ይከብደኛል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 9። ሁለቱም እዚህ ነው የተወለዱት። ከዚህ በፊት ሁለቴ አዲስ አበባ ወስጃቸዋለሁ። ያዩት ግን የዘመድ ሳሎን ብቻ ነበር። ከአክስት ቤት አጎት ቤት፣ ከአጎት ቤት ሰርግ ቤት። ዶሮ ወጥ በልተው፣ ጉንጫቸው እስኪቀላ ተስመው ይመለሳሉ። ዘንድሮ ትልቋ "እማዬ፣ ከተማውን ግን መቼ ነው የምናየው?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። እኔም እኮ ጉለሌ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ብሔራዊ ሙዚየም የገባሁት አንዴ ብቻ፣ ያውም ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋር ነው።

መጀመሪያ የሄድነው በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር። ስሙን አልጠራም። በአንድ ቀን ሰባት ቦታ አዞሩን። ውረዱ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ግቡ። እናቴ 75 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም። ማታ ልጆቹን ምን አያችሁ ብላቸው የሚነግሩኝ ነገር አልነበራቸውም።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ "አንድ የማውቀው ልጅ አለ" አለችኝ። ደወልኩለት። ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ የልጆቹ ዕድሜ ስንት ነው? ደረጃ መውጣት የሚያስቸግረው ሰው አለ? በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ላይ ነበር። መኪናው አሮጌ ኮሮላ ነው፣ ግን ንጹህ። የኋላውን ከፈተና አንድ በርጩማ አሳየኝ። "እማማ በደረስንበት ሁሉ ይቀመጡበታል" አለኝ። እናቴ እዚያው ቆማ መረቀችው።

ሦስት ቀን ከእኛ ጋር ዋለ። በቀን ቢበዛ ሦስት ቦታ። "ከዚያ ካለፈ ይምታታባችኋል" ይላል።

የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። አጠገቡ ያለውን ቤተ መንግሥት ልጆቹ ሲያዩ ግራ ገባቸው። የጭቃ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን። እሱ አልሳቀባቸውም። ብርዱን እንዲያስተውሉ አደረጋቸው፤ ያን ቀን ነፋሱ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ወደ ከተማው እያሳየ፣ እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን ሙቅ ውኃ ወደው እዚያ ቤት እንዳሠሩ፣ ቦታውንም አዲስ አበባ እንዳሉት ነገራቸው። ለካ አንድ ሰሞን ማገዶ አልቆ ከተማዋ ልትለቀቅ ነበር። ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ አስበው ነበር። ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን እያወራ አንድ ቅጠል ቀጠፈ፣ በመዳፉ አሸት አሸት አድርጎ ለልጄ አቀረበለት። "ቪክስ!" ብሎ ጮኸ ልጁ። እናቴ ደግሞ ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ አፍልታ እንዴት እንደምታጥነን ቀጠለችላቸው። ስንት ዓመት ረስቼው ነበር!

ስንወርድ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች አገኘን። ትልቋ ስልኳን አነሳች። እጁን ቀስ አድርጎ ከፊቷ ዘረጋና "መጀመሪያ ሰላም በያቸው" አላት። በተኮላተፈ አማርኛዋ "እንደምን አደራችሁ" አለች። አንደኛዋ ሴት ጎንበስ እንዳሉ "እግዚአብሔር ይመስገን የኔ ልጅ" አሏት። ፎቶውን ሳታነሳ ስልኳን ከተተች። ማንም ተዪ አላላትም።

ብሔራዊ ሙዚየም ከመግባታችን በፊት ከኪሱ ክር አወጣ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከአሥር ይሆናል። "ይህ የአንዲት ሴት ቁመት ነው፣ ለካት" ብሎ ለልጄ ሰጠው። ልጄ ከራሱ ጋር ቢያስተያየው ክሩ አጠረ። ከዚያ ነው ድንቅነሽ ጋ ያደረሰን። አፋር፣ ሐዳር ላይ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት። ከአጽሟ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው፤ ልጁ የጎደለውን በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር ቆየ። የሚታየው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት ለጥንቃቄ ተቆልፎ እንደሚቀመጥ ሳይደብቅ ነገረን። ክሩ አሁን ከልጄ አልጋ ራስጌ ተንጠልጥሏል።

ስድስት ኪሎን ግን መቼም አልረሳውም።

የሰማዕታት ሐውልት ጋ ብዙ አልተናገረም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሽስቶች የከተማውን ሰው ለሦስት ቀን እንደጨፈጨፉት በአጭሩ ተናገረና ልጆቹን ዙሩና የተቀረጸውን እዩ አላቸው። ቦምቡ የተወረወረው እዚያው አጠገብ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ነው። ወደ ግቢው ስንገባ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዓመታት በየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ የሠሩለት ነው። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጄ አንበሳው ለምን እዚያ እንደወጣ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አላባከነም፤ ገብቶታል።

እዚያው ግቢ ባለው ሙዚየም ውስጥ የጃንሆይ መኝታ ክፍል አለ። አስጎብኚያችን በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ቤተ መንግሥቱ ለዩኒቨርሲቲ እንደተሰጠ እያስረዳ ነበር። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አልጋውን ታያለች። ድንገት "ለገና ብርቱካንና ሹራብ ሰጥተውኛል" አለች። ዝም አለ። ንግግሩን አቋርጦ ልጆቹን ወደ እሷ አቀረባቸውና "እማማ፣ ሹራቡ ምን ዓይነት ነበር?" ብሎ ጠየቃት። አረንጓዴ ነበር። እጅጌው ይረዝማታል። እናቷ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል ብለው አጥፈው ሰፉላት። ብርቱካኑን ለታናሽ ወንድሟ ይዛ ሄደች። ተሰልፈው ሲጠብቁ እግራቸውን ብርድ እንዴት እንደቆረጠው፣ ቀና ብላ ለማየት እንዴት እንደፈራች፣ አንድ በአንድ። እኔ ልጇ ይህን ሰምቼ አላውቅም። 46 ዓመቴ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ስታወራ አንዴም ሰዓቱን አላየም። ትልቋ ልጄ በስልኳ ድምፅዋን ቀድታዋለች።

ስለ ገንዘብ የምትጠይቁ አትጠፉም። ዋጋውን ከመነሻው በብር ይነግራችኋል፣ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። ሽሮ ሜዳ ለልጄ ቀሚስ ስንገዛ ሱቅ ውስጥ አልገባም፣ ውጭ ቆሞ ጠበቀን። ኮሚሽን እንደማይቀበል ያወቅኩት ከባለሱቋ ነው። ምሳ ያበላን እሱ ራሱ የሚበላበት ቤት ነው፤ በያይነቱ በልተን ልጆቹ ሽሮ አስጨመሩ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ግን ልጆቹን መጀመሪያ በአማርኛ ነው የሚያናግራቸው። ካልገባቸው ብቻ ይተረጉምላቸዋል።

ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ሰው ሲበዛበት ጥድፊያ ውስጥ መግባት አይፈልግም። የምትሄዱ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ደውሉለት። አረጋዊ ካለ ንገሩት።

እናቴ ትናንት ስትደውል ስለ እኔ ከመጠየቋ በፊት ስለ እሱ ነው ያወራችው። ደውሎ ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት ነበር። እሷም የአፍሪካ አዳራሽን ውሰደኝ ብላዋለች። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች ሲመጡ መንገድ ዳር ቆማ መኪኖቹ ሲያልፉ አይታለች። ውስጡን ግን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ፊት በርጩማውን አስቀምጥልዎታለሁ ብሏታል። ቅዳሜ ነው ቀጠሯቸው።