ልጄን ከዲክቴሽን ፍርሃት ላወጡልኝ መምህር

አራተኛ ክፍል ያለው ልጄ የእንግሊዝኛ ዲክቴሽን ባለበት ቀን ጠዋት ሆዱን ያመው ነበር። ማታ 20 ቃል አብረን እንሸመድዳለን። በማግስቱ 6 አግኝቶ ይመጣል። እኔም እቆጣው ነበር። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ጎረቤቴ ጠቁማኝ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር አገኘሁ። በሳምንት 2 ቀን ቤት ድረስ እየመጡ ያስጠኑታል። የመጀመሪያ ቀን ደብተር እንኳ አላስወጡትም። «እጅህን አገጭህ ሥር አድርግና ባናና በል» አሉት። አገጩ ሦስት ጊዜ እጁን ነካ። «ሦስት ሲላብል፣ ቃሉ ሲነገር የሚከፈልባቸው ሦስት የድምፅ ክፍሎች ማለት ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ የአናባቢ ድምፅ አለ።»

ከዚያ እኔም የማላውቀው ነገር መጣ። እራት ለማለት «ዲነር» ስንጽፍ ለምን ሁለት ኤን ያስፈልጋል? አማርኛ ሲጠብቅ ፊደል አይደግምም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «ገና ነው» የምንለው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ተገላቢጦሽ ነው። ፊደሉ ይደገማል፣ ድምፁ አይጠብቅም። ልጄ ኤኑን አጥብቆ ያነብ የነበረው ለካ ለዚህ ነው! ቃሉ በሁለቱ ኤኖች መሃል ሲከፈል የመጀመሪያው ሲላብል በተነባቢ ይዘጋል፤ አናባቢው ያጥራል። አንዱን ኤን ካወጣነው ሲላብሉ ክፍት ይቀራል፤ አናባቢው ይረዝማል፤ ቃሉም «ዳይነር» ይሆናል፣ ሌላ ትርጉም። በሁለት ፒ የተጻፈው «ሆፒንግ» እንደ ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ በአንድ እግር መዝለል ነው። በአንድ ፒ ሲጻፍ «ሆውፒንግ» ይባላል፣ ተስፋ ማድረግ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ስማር ማንም እንዲህ ከፍሎ አላሳየኝም።

እንደ «ቴብል» እና «ሊትል» በኤል ኢ የሚያልቁትን ደግሞ ከኋላ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥሮ መቁረጥ ነው (ta-ble፣ lit-tle)።

የወደድኩላቸው ሕጉ የማይሠራበትንም አለመደበቃቸውን ነው። ረቡዕን ሲናገር «ዌንዝደይ» ይላል፤ ሲጽፍ ግን በልቡ «ዌድ፣ ነስ፣ ደይ» እንዲል አስለመዱት። ያቺ የማትሰማው ዲ ከዚያ ወዲህ ቀርታበት አታውቅም።

አሁን ከ20 ቃል 16፣ 17 ያገኛል። ሆድ ቁርጠቱም ጠፍቷል።

መምህሩ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ልጆች መጨመር እንደሚችሉ ነግረውኛል። ጀሞና አካባቢው ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ታናሽ እህቱን አገጯን አስይዞ «ኤለፋንት በይ» ሲላት ሰምቼ ነው ይህን ልጽፍ የተነሳሁት።