የዋይፋያችንን በላተኛ ላገኘልን ወንድም ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን የምጽፈው አንድ ወጣት የኔትወርክ ባለሙያ ላደረገልን ነገር በአደባባይ ላመሰግነው፣ እንደኛ ግራ ለገባው ሰውም ልጠቁመው ብዬ ነው። ስሜን አትጻፊው ብሎ ስለለመነኝ ስሙን አላነሳም። የፈለገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል።

የቤታችን ኢንተርኔት ሲም ካርድ ገብቶበት የሚሠራ ራውተር ነው። በጊጋባይት የሚለካ የወር ጥቅል እንገዛለታለን። እኔ የሒሳብ ሥራዬን ግማሹን ከቤት ነው የምሠራው። ልጄ 11ኛ ክፍል ናት። ባለቤቴ ማታ ማታ ኳስ ያያል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቅዳሴና መዝሙር ትከታተላለች። ጥቅሉ ሳይተርፍም ሳይጎድልም ወሩን ያደርሰን ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን በ12ኛው፣ በ13ኛው ቀን ሙልጭ ይል ጀመር። ማታ ቀሪውን አይቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ወደ 7 ጊጋ ጎድሎ አገኘዋለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ተኝቶ ያደረበት ሌሊት እኮ ነው! ሌሊት ውኃ ስትመጣ ጀሪካን ልሞላ ስነሳ የራውተሩ አረንጓዴ መብራት ያለማቋረጥ ሲርገበገብ አያለሁ። ጨለማው ውስጥ ቆሜ ያቺን መብራት ሳያት፣ የማላውቀው ሰው ሳሎኔ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ይሰማኝ ነበር።

የይለፍ ቃሉን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ በመጨረሻውማ የኔትወርኩን ስም ጭምር። ምንም ለውጥ የለም። አንድ ጥገና የሚሠራ ሰው ጠራሁ። የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ወደ ታች ካየ በኋላ «ሃክ ተደርጋችኋል» አለኝ። ማስረጃ ብሎ ያሳየኝ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል። የገባው ሰው ዱካውን ለማጥፋት ቀኑን አበላሽቶታል አለ። ከዚያ የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር አወጣና 14 ቆጠረልኝ። እኛ ቤት ያለው ግን 4 ስልክ፣ 2 ላፕቶፕ እና የእናቴ ቲቪ ቦክስ ነው፤ በቃ 7። አዲስ ራውተር መግዛት አለብሽ ብሎ ዋጋውንም ነገረኝ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ሳልደብቅ ልናገር። ከላያችን የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ አለ፤ የሚማረው ኮምፒውተር ነው። «14» የሚለውን ቁጥር ከሰማሁ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ተተከለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተጠራርተን እናቱ እኛ ቤት ተቀምጣ ሳለ፣ «ልጅሽን ምከሪው እስቲ፣ የሰው ኢንተርኔት ያለፈቃድ መጠቀም ደግ አይደለም» አልኳት። አቦሉን ጠጥታ ነበር። ሲኒውን ረከቦቱ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ቶናው ሳይደርስ ተነሥታ ሄደች። ስምንት ዓመት አብረን ቡና የጠጣን ሰዎች ነን። ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን በአንገት ብቻ ሆነ።

ይህን ወንድም ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስደውልለት ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ቃሉን በቀየርሽ ማግስት ፍጆታው ለስንት ቀን ቀነሰ?» ለአንድም ቀን አልቀነሰም አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንግዲያው እህቴ፣ የሚበላው አዲሱን ቃል የሚያውቅ ነገር ነው። ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ቅዳሜ መጥቼ ልለካው» አለኝ። ጠርጥረን እንደጨረስን በስልክ ልነግረው አፍሬ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የራሱ ትንሽ ራውተር እና አንድ ደብተር ይዟል። ራውተሩን ከመንካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሁላችንንም ጠየቀ። እናቴን እንኳ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ምን ይጠቀማሉ?» ብሎ አጠገቧ ተቀምጦ ነው የጻፈው።

መጀመሪያ የ1970ውን ነገር ፈታልኝ። እንደኛው ያለ ራውተር በውስጡ ሰዓቱን የሚይዝለት ባትሪ የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስለማያውቅ መቁጠር የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው፤ ብዙ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት ከዚያች ቀን ተነሥተው ነውና። ኢንተርኔቱ ሲገናኝለት ትክክለኛውን ሰዓት ከመስመር ላይ ይወስዳል። «እስኪ እንየው» ብሎ ራውተሩን ከዲቫይደሩ ነቅሎ መልሶ ሰካው። መዝገቡ 1970 ብሎ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ዛሬው ቀን ዘለለ። ዓይኔ እያየ ነው። ለሳምንታት እንቅልፍ የነሣኝ «የሃከር ዱካ» መብራት በጠፋ ቁጥር የሚመጣ ነገር ኖሯል።

ከዚያ ወደ 14ቱ ሄደ። ስልኮች ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ማለትም ከ2019 እና ከ2020 ጀምሮ በፈረንጆቹ፣ ዋይፋይ ላይ ሲገቡ እውነተኛ አድራሻቸውን (ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡትን መለያ ቁጥር) ትተው ለእያንዳንዱ ኔትወርክ የተለየ አድራሻ እየፈጠሩ ነው የሚገቡት፤ ባለቤቱን ከቦታ ቦታ መከታተል እንዳይቻል ነው። እኔ የኔትወርኩን ስም ስቀይር 4ቱም ስልኮቻችን በአዲስ አድራሻ መጥተዋል፤ ራውተሩ ደግሞ የድሮዎቹን ከዝርዝሩ አላጠፋም። አራቱ ስምንት ሆኑ። የቀሩት 3 ለመስቀል መጥተው የነበሩት የእህቴና የልጆቿ ስልኮች ናቸው፤ ደውለን አድራሻውን ከስልኮቻቸው ላይ አንብበውልን አንድ በአንድ ገጠመ። እሱ ደብተሩ ላይ እየሰረዘ ሲወርድ እኔ ያንን ልጅ እያሰብኩ ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ እሱ የለም።

እንዲያም ሆኖ አልቸኮለም። አንድ በር ይቀራል አለ። ራውተራችን ላይ ደብልዩ ፒ ኤስ የሚባል፣ በ8 አኃዝ ቁጥር ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ነገር ክፍት ነበር። ቁጥሩ 8 ቢሆንም የሚፈተሸው ለሁለት ተከፍሎ ስለሆነ፣ የመጨረሻዋም አኃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትገኝ ስለሆነች፣ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃዋል። ይህ ድክመት ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው። ዘጋው። የራውተሩን የአስተዳዳሪ ቃልም ከፋብሪካ እንደመጣ ነበርና ቀየረው።

ቀጥሎ የሠራውን ነው ከልቤ የማደንቀው። ሁሉንም ዕቃ ከዋይፋይ አስወጣና የራሱን ትንሽ ራውተር መሀል አስገባ፤ የእሱ ራውተር እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደላከና እንደተቀበለ ለየብቻ ይቆጥራል። ምንም ሳይገናኝ መብራቱ አሁንም ይርገበገባል። «ይሄ ማስረጃ አይደለም» አለኝ። ራውተር ማንም ባይጠቀምበትም ‹እዚህ አለሁ› የሚል አጭር መልእክት በሰከንድ ወደ 10 ጊዜ ይለቃል፣ ከመስመሩም ጋር ይነጋገራል፤ ሲደመር ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚያ አንድ ዕቃ ያገናኛል፣ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ የገባውንና የወጣውን ይጽፋል፣ ያላቅቃል፣ ወደ ሚቀጥለው ይሄዳል። 7 ዕቃ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። እናቴ ቁርስ አቅርባለት ፍርፍሩ ቀዘቀዘ፤ ዓይኑ ከሰዓቱ ላይ አልተነሣም።

ትንንሽ በላተኞች ነበሩ። የኔ ስልክ ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ ወደ ጉግል ፎቶስ ይጭናል። የልጄ ቴሌግራም በየግሩፑ የተላከውን ቪዲዮ ሳትነካው ያወርዳል። የባለቤቴ ዊንዶውስ ያወረደውን ማሻሻያ እየቆራረሰ በኢንተርኔት ላይ ለማያውቃቸው ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል ተፈቅዶለት ነበር። ላፕቶፑ ላይ ዋይፋዩን የሚለካ መስመር ነው ብሎ ሞላለት፣ የቀሩትን ከየማስተካከያቸው አስቆማቸው።

የመጨረሻው የእናቴ ቦክስ ነበር። ወንድሜ ለዘመን መለወጫ ከዱባይ የላከላት ነው፤ ስሙ የማይታወቅ፣ ሁሉንም ቻናል በነፃ ያሳያል የተባለ። እናቴ በጣም ነው የምትወደው። ቴሌቪዥኑ በሪሞት ጠፍቷል፣ ማንም ምንም አያይም። 10 ደቂቃው ሲሞላ ደብተሩን አዞረልኝ፤ የገባ 76 ሜጋባይት፣ የወጣ 74 ሜጋባይት።

«ተመልከቺ እህቴ» አለኝ፣ «ቪዲዮ የሚያሳይ ዕቃ ይቀበላል እንጂ ይህን ያህል አይልክም። ይሄ የገባለትን ያህል እያስወጣ ነው። እቃ አመላላሽ ሆኗል ማለት ነው።» በ10 ደቂቃ 150 ከሆነ በሰዓት 900፣ በ8 ሰዓት ሌሊት ከ7 ጊጋ በላይ። ጠዋት ጠዋት ስቆጥረው የነበረው ጉድለት!

ዋየርሻርክ የሚባል ፕሮግራም ከፍቶ አሳየኝ። የሚያልፈው የተመሰጠረ ስለሆነ ይዘቱ አይታይም፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን ይታያል። የተለያየ አገር አድራሻ በየሰከንዱ ይወርዳል። የማናውቃቸው ሰዎች የቤታችንን የኢንተርኔት አድራሻ መሸጋገሪያ አድርገውታል፤ እነሱ በኢንተርኔት ላይ የሚያደርጉት ነገር እኛ ያደረግነው መስሎ ነው የሚታየው። ይህን ስሰማ የጊጋው ጉዳይ ከሐሳቤ ወጣ።

ነገሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነም ነገረኝ። የጀርመን የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2024 ባድቦክስ የተባለ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ከፋብሪካ ተጭኖባቸው የተሸጡ ወደ 30,000 ዕቃዎችን ከርቀት ከሚያዟቸው ኮምፒውተሮች ቆርጧል። በጁን 2025 ደግሞ ኤፍ ቢ አይ ስለ ባድቦክስ 2.0 ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ በሚቀጥለው ወር ጉግል ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕቃ ተበክሏል ብሎ አሜሪካ ውስጥ ክስ መሥርቷል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ርካሽ፣ በጉግል ያልተረጋገጡ አንድሮይድ ቦክሶች ናቸው። «ያንቺው እሱ ራሱ ነው ብዬ አልምልም፣ ጠባዩ ግን ያው ነው» አለ። ወደ ፋብሪካ ይዞታ ብንመልሰውስ ስለው፣ ተንኮሉ ያለው ከሥር በተጫነው ሶፍትዌር ውስጥ ከሆነ ማጥፋቱ አይነካውም አለኝ። አንድሮይድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ፣ ማስተካከያ ከዚያም ስለ መተግበሪያው የሚለው ስር የፕሌይ ፕሮቴክት ማረጋገጫ መኖሩን እዩ። የኛው ቦክስ ላይ እውነተኛው ፕሌይ ስቶር ጭራሽ አልነበረም፤ ሌላ ስም ያለው መሸጫ ነው ያለው።

ሦስት ጊዜ ቃሉን ስቀይር፣ ሦስቱንም ጊዜ ሪሞቱን ይዤ አዲሱን ቃል ቦክሱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ሌላ ቦክስ ይሸጥልን ነበር። እሱ ግን ልጄ የተወችውን አሮጌ ላፕቶፕ አስመጣ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው፣ ለእናቴ ቅዳሴዋን በአንድ ጠቅታ የሚከፍት ምልክት አስቀመጠላት። እስክትለምደው አራት ጊዜ አስደገማት፣ አንድም ጊዜ ሳይሰለች። ለእንግዳ የሚሆን የተለየ ኔትወርክም ከፈተልን። ከአራት ሰዓት በላይ ሠርቶ 1,500 ብር ጠየቀ። በሳምንቱ ፍጆታውን ሊያይ ተመልሶ ሲመጣ ልክፈልህ ብለው አሻፈረኝ አለ፤ «ያልጨረስኩትን ልጨርስ ነው የመጣሁት» ብሎ።

እሱ በሄደ ማታ እናቴን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ድፎ ዳቦና አንድ ኪሎ ቡና ይዘናል። ልጁ ነው በሩን የከፈተው። ለእናቱም ለእሱም በሰው ፊት እንደበደልኩ በሰው ፊት እክሳለሁ አልኩ፤ ይህም ጽሑፍ አንዱ ነው። እናቱ ብዙ አልተናገረችም። ጀበናውን ጣደች፣ በረካው ድረስም ተቀመጥን። ልጁ የቦክሱን ነገር ሲሰማ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳዪኝ ብሎ ፎቶውን ከስልኬ ላይ አየ። አሁን ከባለሙያው ጋር አስተዋውቄያቸው ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮት እየወጣ ሥራውን ይማራል።

ዛሬ ጥቅላችን ከተሞላ 26ኛ ቀኑ ነው፤ ገና አላለቀም።

ባለሙያው የሚሠራው ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳና ሳር ቤት አካባቢ ነው። ሌላ መደበኛ ሥራ ስላለው በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ይገኛል። ከመደወላችሁ በፊት የሦስት ቀን ፍጆታችሁን ማታና ጠዋት ጽፋችሁ ያዙ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ቁጠሩ፣ ችግሩ በጀመረበት ወር ቤት የገባ አዲስ ነገር ካለም አስታውሱ። የመጀመሪያ ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።