ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው የሚያሰሉ የተያያዙ ሰርቨሮች) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከጨረታው በፊት እኚህን ሰው አማክሩ

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

ደሴ ነው የምሠራው። የበልግን ዝናብ በኮምፒውተር ሞዴል አጠናለሁ። በልግ ሲቀር የወሎ ገበሬ ምን እንደሚሆን እዚህ ላደገ ሰው አይነገርም። ስሌቱ ግን በእኔ ማሽን ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የፊዚክስና የባዮቴክኖሎጂ ባልደረቦቼም ችግር ያው ነው። ሁላችንም ለየብቻ ለመግዛት ስንሯሯጥ አንድ ወዳጄ "ጋሼን አማክሯቸው" አለኝ። በግል የሚሠሩ የሰርቨር ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላነሳ ስለለመኑኝ እኔም ጋሼ ልበላቸው።

መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ብር አልነበረም። "ምን ልታሰሉበት ነው?" አሉን። ከዚያ ከእያንዳንዳችን ጋር ቁጭ ብለው ሥራችንን አዩ። የእኔ ሞዴል ለብዙ ሰርቨሮች ተከፋፍሎ ሲሰላ ሰርቨሮቹ ያለማቋረጥ መረጃ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ፈጣን ኔትወርክ ይፈልጋል። የዘረመል ሥራ ደግሞ ሰፊ ራምና ማከማቻ ይጠይቃል። በእጃችን የነበረው ፕሮፎርማ ግን በጂፒዩ (በግራፊክስ ካርድ) የታጨቀ ነበር። ብዙውን አስወጡትና ገንዘባችንን አዋጥተን አንድ የጋራ ክላስተር እንድንገዛ አሳመኑን።

ከሁሉ የማልረሳው የማቀዝቀዣውን ነገር ነው። "የጦሳ ተራራ ብርድ እያለ ኤሲ ምን ያደርጋል?" ብለናቸው ነበር። ወረቀት አወጡና አሰሉልን። 10 ኪሎዋት የሚበሉ ሰርቨሮች ያንኑ 10 ኪሎዋት ሙቀት አድርገው ይተፉታል። በኤሲ መለኪያ፣ በሰዓት 34,000 ቢቲዩ ገደማ መሆኑ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ለተለመዱት ሰርቨሮች የሚፈቀደው የክፍል ሙቀት ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀንሳል። እስከ 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ማሽን ደሴ ሲመጣ 30 አካባቢ ላይ ያበቃለታል። ይህን ከሻጮቹ አንዱም አልነገረንም።

ሁለት ሰርቨር ቀንሰን ገንዘቡን ለኤሲና ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ለሚሰጠው ባትሪ) አዋልነው። ያኔ ከፍቶኝ ነበር። አሁን መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ማሽኖቹ በሥርዓት እስኪዘጉ ይይዛል። ሞዴሉም በየጊዜው የደረሰበትን ስለሚያስቀምጥ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዜሮ መጀመር ቀረ!

የስሌቶቻችንን ወረፋ ስለርም በሚባል ተራ አስያዥ ሶፍትዌር አደራጁልን። ብዙ የተጠቀመ የሥራ ክፍል ትንሽ ለተጠቀመው ተራ ይለቃል፤ በዚህም ጭቅጭቅ ጠፋ። ሁለት ወጣት ባለሙያዎቻችንን አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩ። ማታ 4 ሰዓት ደውዬላቸው አውቃለሁ። "አብሽር፣ ሎጉን ላክልኝ" ነበር መልሳቸው።

ስፔሲፊኬሽኑ ከጸደቀ በኋላ ብትጠሯቸው ብዙ ማስተካከል አይችሉም፤ ቀድማችሁ ጥሯቸው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የዘንድሮው በልግ ስሌት ትናንት ማታ አልቋል።